ማዘጋጃ ቤቱን እናውቀዋለን፣ ምክር ቤቱ ግን የት ነው?

የቦዩ ጎረቤት (ሰኔ፣ ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሠፈር መሐል አንድ የጎርፍ ቦይ አለ። በደለል ከሞላ ሦስት ክረምት አለፈው። ዝናብ ሲጥል ውሃው ቦዩን ትቶ በየግቢያችን ይገባል። ባለፈው ሳምንት አቤት ልል ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። አንዱ ባለሙያ በትዕግሥት አዳመጠኝና «ይኼ በምክር ቤት በጸደቀው የዘንድሮ በጀት ውስጥ የለም» አለኝ። «ምክር ቤቱ የት ነው ታዲያ? እነሱን ላናግር» ስለው ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ። ጥያቄው የገረመው ይመስላል።

ይኸው ግራ ገብቶኝ መጣሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። ማዘጋጃ ቤት ሲባል ሕፃን ልጅ እንኳ በጣቱ ያሳይሃል። ምክር ቤት የሚባለውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሁለቱ ይለያያሉ? ድሮስ ነበር? ሥራው ምንድን ነው? የምታውቁ እስኪ አስረዱኝ።

ጀበና

ምክር ከፈለግህ እድር ግባ ወንድሜ። እዚያ ቢያንስ ዳኛውን በስሙ ታውቀዋለህ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። እኔ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነው ሥራ የጀመርኩት። ጡረታም የወጣሁት እዚያው ነው። ትንሽ ልተርክልህ፤ ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ቁጠረው።

ማዘጋጃ ቤት የሚባለውን በሕግ ያቆመው በ1937 የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። ከዚያ በፊትም በ1934 በወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ላይ ስለ ማዘጋጃ ቤቶች ተነሥቷል። ጣልያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ መንግሥት እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው። በአዋጁ አዲስ አበባና ጎንደር ከንቲባ ተደረገላቸው። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ራሱ የጎንደር ነው፣ ጥንታዊ ነው። የቀረነው ከተሞች የነበረን የከተማ ሹም ነው። ስለዚህ ዛሬ በየትንሹ ከተማ «ከንቲባው» ሲባል ስሰማ አሁንም ጆሮዬን ትንሽ ይቆረቁረዋል።

ሥራው ብዙ ነበር። ቦታ መመዝገብ፣ ካርታ መስጠት፣ መንገድ፣ ውሃ፣ የመንገድ መብራት፣ ቄራ፣ ገበያ፣ እሳት ማጥፋት፣ ጽዳት። ጋብቻ ማዘጋጃ ነው የሚፈረም። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት የሚቀብረው ማዘጋጃ ነው። «ማዘጋጃ ይቅበረኝ» የሚለው አነጋገር ከዚያ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አዎ፣ ምክር ቤት ነበር። በወረቀት። ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወከሉ ሹማምንትና ከከተማው ባለ ርስቶች የሚመረጡ ሰዎች ይቀመጡበታል። ባለ ርስት የሚለውን ልብ በል። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት የምትቸረችር ሴት እዚያ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ደግሞ ምክር ቤቱ የተስማማበት በጀት የአገር ግዛት ሚኒስቴር ካላጸደቀው አይንቀሳቀስም። እኔ በገባሁበት መዝገብ ቤት የበጀት ፋይሉ ጠቅላላ «እንዲጸድቅልን በትሕትና እንለምናለን» የሚል ደብዳቤ ነው። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ግን ቀጭን ነበር። ጀርባው በክር የተሰፋ ሰማያዊ ደብተር፣ ከግማሽ በላዩ ባዶ።

ሕግ ነክ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በ1958 የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 43። የተመረጡ አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤት ኖሯቸው ግብር እየሰበሰቡ ትምህርት ቤቱንና መንገዱን እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ፓርላማው አልተቀበለውም። ብዙዎቹ እንደራሴዎች የመሬት ባለቤቶች ነበሩና ገንዘብና ሥልጣን ወደ ታች የሚወርድበት ሐሳብ ብዙም ደስ አላሰኛቸውም። የአካባቢ ምክር ቤት የሚባለው ነገር እኛ አገር ከጥንትም እንዲህ ነው። ሐሳቡ ይመጣል፣ አዋጁ ይጻፋል፣ ገንዘቡ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ጡረተኛው

እውነትህን ነው። እሱን ረስቼው።

ኅብረት ሱቅ

ስለ ደርግ ዘመን ማንም አላነሣም እንዴ? ከማዘጋጃ ቤት በላይ ሕይወታችንን የያዘው ቀበሌ ነበር እኮ! ስኳር በቀበሌ፣ ሳሙና በቀበሌ፣ መታወቂያ በቀበሌ። እናቴ ኅብረት ሱቅ ስትሰለፍ እኔን ቦታ ይዞ እንዲቆም ትተወኝ ነበር።

በ1967 ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ (አዋጅ 47) ነው ቀበሌ የተወለደው። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታው እስከ 500 ካሬ ሜትር። ትርፉ ለመንግሥት። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነውን ቤት ቀበሌ ያስተዳድራል፤ ከዚያ በላዩ ለኪራይ ቤቶች። «የቀበሌ ቤት» የምንለው እሱ ነው። እስካሁን ሰው እየኖረበት ነው።

እና ልንገራችሁ፣ ባለ ርስት ያልሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አውጥቶ የመረጠው ያኔ ነው። ተከራዩ ሊቀ መንበር ሆነ። የቤት ሠራተኛዋ ስብሰባ ላይ ተናገረች። ይኼን መካድ አይቻልም።

ዝምተኛዋ

እጇን አውጥታ የመረጠችው ያኔ ነው፤ ልጇን በሌሊት የወሰዱባትም ያኔ ነው። እኔ ቀበሌ ሲባል የሚታወሰኝ ስኳሩ አይደለም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅብረት ሱቅ

ልክ ነሽ እህቴ። ይቅርታ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ያየሁት ሰልፉን ነው።

ጡረተኛው

ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ። ከመሥሪያ ቤት ወገን የታየኝን ላክልበት። ቀበሌ ሲመጣ ማዘጋጃ ቤት አልፈረሰም። አዲስ ለተቋቋመው ለከተማ ልማትና ቤት ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነ። ቦታ የሚመራው፣ ፕላን የሚያወጣው፣ ቄራውን የሚያስተዳድረው እኛ ነበርን። የባለ ርስቶቹ ምክር ቤት ግን ባለ ርስት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። ያቺ ሰማያዊ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ገባች። በ1973 ስለ ከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሌላ አዋጅ ወጣና የከተማውን ማኅበር ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሊያጣምረው ሞከረ። እውነቱን ለመናገር፣ ትእዛዝ የሚመጣው ከፓርቲ ቢሮ ነበር።

የማይረሳኝ ግን ሌላ ነው። ሦስት መንግሥት አገልግያለሁ። ሦስቱም ጊዜ ማኅተሙ ተቀየረ። ጠረጴዛው ያው ነው። ካርታ የምናስቀምጥበት የብረት ሣጥን ያው ነው። ሰውየው ወረፋ የሚይዝበት የኮሪደር አግዳሚ ወንበር ያው ነው። ጽሕፈት ቤት አይሞትም ልጄ። ምክር ቤት ግን በየመንግሥቱ እንደ አዲስ ይወለዳል። አንተ አንዱን አውቀህ ሌላውን ያላወቅኸው ለዚያ ነው።

የቦዩ ጎረቤት

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። አሁን ገባኝ። ከደርግ በኋላስ? ደግሞ ቦዬን አትርሱብኝ፤ ዛሬም ዘንቧል።

ሕግ ነክ

ቀጥል ካላችሁኝ እቀጥላለሁ።

በ1984 የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ 7 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮችን አቋቋመ፣ የወረዳ ምክር ቤትም መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከአዲስ አበባ በቀር ስለ ከተሞች በስም የሚናገር አንቀጽ የለውም። አንቀጽ 50 ንዑስ 4 ክልሎች አስፈላጊ ባሏቸው እርከኖች እንደሚዋቀሩ ይናገርና፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ከተማ የሚባለው ነገር ለክልሎች ተተወ ማለት ነው።

ስለዚህ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትንንሽ ከተሞች መሐል ቤት ቀሩ። ማዘጋጃ ቤቱ አለ፣ ተጠሪነቱ ለወረዳ ነው። ከገበያው የሚሰበሰበው ገቢ ለከተማው ጠጠር ይሁን ለወረዳው ነዳጅ የሚጠይቅ የለም። ቀስ እያለ ክልሎች የከተማ አዋጅ ማውጣት ጀመሩ። አማራ በ1992፣ ኦሮሚያ በ1995፣ ሌሎቹም በዚያው ሰሞን። በእነዚህ አዋጆች ነው ከተማ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ያገኘው።

አደረጃጀቱን ላስረዳህ። ዝርዝሩ ከክልል ክልል ይለያያል፤ አጥንቱ ግን ይኼ ነው። ምክር ቤቱ ለ5 ዓመት ይመረጣል፣ በአፈ ጉባኤ ይመራል። ከንቲባው ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው፤ ከየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች ጋር የከንቲባ ኮሚቴ አለው። ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቱን የሚመራው ሥራ አስኪያጁ ነው። አንተ የሄድክበት ቢሮ የሥራ አስኪያጁ ነው። ምክር ቤቱ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ነው፤ በቻርቱ ላይ ማለቴ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ሁሉም ከተማ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ለምሳሌ ከተማ አስተዳደር፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤት እየተባለ በደረጃ ይከፈላል። ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ያለ ከተማ የወረዳው ጥገኛ ነው። የከተማ ፕላን አዋጁ ከ2,000 ሰው ጀምሮ ያለውን ሠፈራ ነው ከተማ የሚለው፣ አብዛኛው ሠራተኛ ኑሮው ከእርሻ ውጭ እስከሆነ ድረስ። 2,000 ሰው ያላት ከተማ ከንቲባና አፈ ጉባኤ ይኑራት ቢባል ማን ቀርቶ ግብር ይከፍላል? ስለዚህ መጀመሪያ የእናንተ ከተማ ደረጃዋ ምን እንደሆነ አጣራ።

ጀበና

«በቻርቱ ላይ ማለቴ ነው» ያልከው ገደለኝ።

ቀያሽ

እኔ የምጨምረው ስለ ፕላን ነው። እንጀራዬ ነውና ታገሡኝ።

ሰው ምክር ቤት ሲባል ጭብጨባ ይመስለዋል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ምክር ቤት ፊት እንደሚቀርብ ግን አያውቅም። ፕላኑ ለ10 ዓመት ይጸናል። እዚያ ወረቀት ላይ ቢጫው መኖሪያ ነው፣ አረንጓዴው አረንጓዴ፣ በሠፈርህ መሐል የተሰመረችው ድርብ መስመር 20 ሜትር መንገድ ናት። ነገ ቤትህ ላይ ቀይ ምልክት ሲቀባ «ማን ወሰነ?» ትላለህ። የተወሰነው ያኔ ነው።

ሕጉ ረቂቁ ለሕዝብ ይቅረብ፣ አስተያየት ይሰጥበት ይላል። እኔ የሠራሁበት አንድ ከተማ ረቂቁ በርግጥ ተለጥፎ ነበር። የት? ኮሪደር መጨረሻ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ጀርባ። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለሚውል ፕላኑን ግማሽ በግማሽ ሸፍኖታል። አንዲት ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው በሩን ዘጉት። ብዙ ሰዓት ቆመው አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ የእኔ ጉድጓድ ውሃ ያለበት ቦታ ነው ይሄ አረንጓዴው?» አሉኝ። ነበር። እሳቸው በሩን ባይዘጉት ማንም አያየውም።

የቦዩም ነገር እንደዚያው ነው። ጠያቂው፣ ከማንም በፊት ቦይህ ፕላኑ ላይ እንደ ፍሳሽ መስመር ተሰምሮ እንደሆነ እይ። ተሰምሮ ከሆነ ክርክርህ ግማሹ አለቀ።

ሂሳብ ክፍል

እኔ ደግሞ ስለ ገንዘቡ። አጭር አደርገዋለሁ።

ከተማ ሁለት ኪስ አለው። አንዱ «የመንግሥት ተግባር» የሚባለው ነው። ትምህርት፣ ጤና፣ የሠራተኛ ደመወዝ። ለዚህ ከክልል ድጎማ ይመጣል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ነው። መንገድ፣ ቦይ፣ መብራት፣ ቄራ፣ ቆሻሻ። ለዚህ ከተማው ራሱ ሰብስቦ ራሱ ይሠራል። የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ ሊዝ፣ የገበያና የቄራ ክፍያ፣ ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ።

እንግዲህ ቦይ ያለው ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ቀዳዳ ነው። የቦታ ኪራይና የቤት ግብሩ የቆመው በ1968 በወጣው አዋጅ 80 ላይ ሲሆን ተመኑ ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይነካ ኖረ። አንዳንዱ ባለ ፎቅ የሚከፍለው ለአንድ ምሳ አይበቃም። በ2017 ጥር የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ያጸደቀው ከዚህ ችግር ተነሥቶ ነው። ሰው ሲጮኽ ሰምቻለሁ፤ አይፈረድበትም። የሚከፍለው ብር ወደ ቦዩ መሄዱን የሚያይበት መስኮት ከሌለው ለምን ደስ ይለዋል?

ለነገሩ መስኮቱ ምክር ቤቱ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ረቂቁ በሰኔ ይዘጋጃል፣ ምክር ቤቱ በሐምሌ ተሰብስቦ ያጸድቃል። ጠያቂው ዕድለኛ ነህ። አሁን ሰኔ ነው።

የቀድሞ ተመራጭ

ይኼን ውይይት ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። በ2005 ሚያዝያ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ የአንዲት ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኜ ተመርጫለሁ። መምህርት ነኝ። የውስጡን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አመራረጡን። አዎ፣ ብዙ ቦታ ተፎካካሪ አልነበረም። በ2000ም በ2005ም ከገዥው ፓርቲ ውጭ ወንበር ያገኘው በጣት የሚቆጠር ነው። የቀበሌ ምክር ቤት ብቻ እስከ 300 ሰው ነበረው። በአገር ደረጃ ሲደመር ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር። ያን ያህል ሰው ተመራጭ ሲሆን ማን ማንን ይቆጣጠራል? ጎረቤቴ፣ የጎረቤቴ ሚስት፣ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ምክር ቤት ነበርን።

የመጀመሪያ የበጀት ጉባኤያችን የተደረገው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ሐምሌ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከንቲባው ሪፖርት ማንበብ ሲጀምር ዝናቡ ወረደ። አዳራሹ ታፈነ። ሰውየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ የለም። አፈ ጉባኤዋ ትንሽ ጠብቃ እጇን አነሣች፣ እኛም አነሣን። በጀቱ ጸደቀ። ምን እንዳጸደቅሁ ያወቅሁት ማታ ቤቴ ገብቼ የረጠበውን ወረቀት ምድጃ አጠገብ አድርቄ ሳነብ ነው።

እዚያ ወረቀት ላይ «የቄራ አጥር» የሚል ነበር። በዓመቱም መጣ። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ መጣ፣ በዚያው ስም። እጄን አወጣሁ። ልቤ ይመታል፣ በግልጽ ልናገር። «አጥሩን ሄዳችሁ ያያችሁት አላችሁ?» አልኩ። ጸጥ። ቋሚ ኮሚቴያችን በማግሥቱ በእግሩ ሄደ፤ አምስት ነበርን። ያገኘነው ሦስት የእንጨት ቋሚና አንድ ጥቅል የዛገ ሽቦ ነው። ውሾች በነፃ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ማንም አልታሰረም፤ ተረት አላወራም። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲመጣ ግን ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ቦታው፣ መጠኑና ርዝመቱ በሜትር ተጽፎ መጣ። የሂሳብ ኃላፊው ሲያልፍ «አንቺ ነሽ ያለ ሥራዬ ያሠራሽኝ» አለኝ፤ ግማሽ ቀልድ፣ ግማሽ ምር። አጥሩም ተሠራ።

ጠያቂው፣ ምክር ቤት ማለት ለእኔ ያቺ የሜትር ዓምድ ናት። ሌላው ሁሉ ሻይና ዳቦ ነው።

ኅብረት ሱቅ

እትዬ፣ ይቺን ጽሑፍ ለልጄ አነበብኩላት።

ዝምተኛዋ

በ2005 የተመረጣችሁ ለ5 ዓመት ነበር አይደል? ታዲያ ከዚያ ወዲህ?

የቀድሞ ተመራጭ

ጥያቄሽ የሚያም ቦታ ላይ ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተመረጡ እንጂ ለወረዳ፣ ለቀበሌና ለሌሎች ከተሞች ምክር ቤት ድምፅ አልተሰጠም። ከእኛ መሐል የሞተ አለ፣ ከተማ የለቀቀ አለ፣ ሥራ የተቀየረ አለ። እኔ ራሴ በዝውውር ወጥቻለሁ። የቀሩት «ተጓድለው የተሟሉ» ናቸው። በደንብ የሚሠሩ የሉም አልልም። ግን «ማን መረጠህ?» ለሚል ሰው የምትመልሽው ነገር እየሳሳ ይሄዳል።

ጀበና

እና እኛ ቦይ እንለምናለን!

ሕግ ነክ

ጀበና፣ ተስፋ ማስቆረጥ ቀላል ነው። እስካለ ድረስ መጠቀም ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የ2000ው የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590 ደግሞ መረጃ በጽሑፍ ከጠየቅህ በ30 ቀን መልስ እንዲሰጥህ ያዛል። ቦዩ በጀት ውስጥ ነው አይደለም የሚለው መረጃ ነው፤ ምስጢር አይደለም።

ጡረተኛው

የመዝገብ ቤት ሰው ምክር ልስጥህ ልጄ። በቃል አትጠይቅ። ደብዳቤ ጻፍ፣ ሁለት ቅጂ። አንዱን አስገባ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፍ። ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንዳልተወለደ ልጅ ነው። ስትሄድም ብቻህን አትሂድ።

የቦዩ ጎረቤት

እሺ ጋሼ። እንዳሉት አደርጋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የቦዩ ጎረቤት (ሐምሌ መጨረሻ፣ እሑድ)

ተመልሻለሁ። ያቋረጥኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም።

ከተማችን ምክር ቤት አላት! የአፈ ጉባኤው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ግን አሁንም «የጽዳትና ውበት» የሚል ነው የተለጠፈው፤ ክፍል ሲቀያየሩ ማንም አላነሣውም። ለዚያ ነው ስንት ዓመት አጠገቡ አልፌ ያላየሁት።

ደብዳቤውን ጻፍን። የሠፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው ያረቀቁት፤ ሰውም ያስፈረሙት እሳቸው ናቸው። ፈራሚው 41 አባወራና እማወራ። ቀያሽ እንዳልከኝ መጀመሪያ ፕላኑን አየሁ። ቦዩ በሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። እሱን ከደብዳቤው ጋር አያያዝነው።

ጉባኤውን ገብቼ ተከታተልኩ። ከኋላ ወንበር ሰጡኝ፤ ማንም «ምን ፈለግህ?» አላለኝም። ከኔ ሌላ ከሕዝብ የመጣ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ለካ ስብሰባው የሰላምና ጸጥታ መስሎት ነው የገባው፣ ሻይ ዕረፍት ላይ ወጣ። ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ወሰደ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብል አልዋሸሁም። ኋላ የመሠረተ ልማት ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ተነሥታ «ከነዋሪ የመጣ ጥያቄ አለ» ብላ የእኛን ሠፈር ስም ስትጠራ ግን ነቃሁ። አንዱ አባል «እንዲህ ያለ ቦይ ስንት አለ፣ ለአንዱ ብቻ ለምን?» አለ። እሱም ልክ ነው። የአምስት ሠፈር ቦይ በዝርዝር ተያዘ። የእኛ አራተኛ ነው። 180 ሜትር ይላል።

የቀድሞ ተመራጭ

በሜትር ተጽፏል?

የቦዩ ጎረቤት

በሜትር ተጽፏል እትዬ። ፎቶ አንሥቻለሁ።

ሥራው የሚጀመረው ከክረምት በኋላ ነው፣ ገቢው ከተሰበሰበ። እስከዚያ ደለሉን ራሳችን በአካፋ አወጣን። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ማዘጋጃ ቤቱ ገልባጭ መኪናውን ላከልን፤ ያ የሳቀብኝ ባለሙያ ነው ይዞት የመጣው። ጃኬቱን አውልቆ ራሱም ቆፈረ።

ሂሳብ ክፍል

«ገቢው ከተሰበሰበ» የምትለዋን ከሥሯ አስምርባት። የቤት ግብርህን ከፍለሃል ግን?

የቦዩ ጎረቤት

ሰኞ።

ጡረተኛው

የገቢ ቁጥሩን ያዝክ?

የቦዩ ጎረቤት

ይዣለሁ ጋሼ። ደረሰኝ የማስቀምጥባት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ናት።